ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ ነዳጅ ፈቃድ ጠብና ስለ ትንሹ ባለአክሲዮን

በመካከላችን ስለ ነዳጅ ኩባንያዎች ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ በባዕድ አገር ነዳጅ በሚፈልግ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው ሁሉ የዘራፊ ተባባሪ ነውና፣ ኩባንያው ከአገሬው መንግሥት ጋር ተጣልቶ ገንዘቡ ቢቀልጥበት እሰየው ያሰኛል እንጂ አያሳዝንም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ አክሲዮን መግዛት የሥልጣኔ ምልክት ነው፤ ኩባንያውን የሚመሩት ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቃሉና ገዝቶ በትዕግሥት መቀመጥ ነው ይላል።

እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያው ሳይመረምር ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ሳይመረምር ያምናል። በበኩሌ የምለው ይህ ነው፦ ስለ ነዳጅ ፈቃድ ጠብ ተነሥቶ በሩ ሲዘጋ በውጭ የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ትንሹ ባለአክሲዮን፣ ሌላው የአገሩ ተራ ዜጋ። ሁለቱ ሲታዩ ባላጋራዎች ይመስላሉ። የተፈጸመባቸው በደል ግን አንድ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው። እርሱም የተፈረመው ውል በአደባባይ እንዲነበብ ማድረግ ነው።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት በአንድ በታወቀ ታሪክ ላይ ቆመን እንመልከተው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የምትገኝ፣ ስፋቷ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ የደሴቶች አገር ናት። በ1975 ከፖርቱጋል አገዛዝ ነጻ ስትወጣ የወረሰችው የካካዎ እርሻ ነበር። ጎረቤቶቿ ናይጄሪያ፣ ጋቦንና ኢኳቶሪያል ጊኒ ከባሕር ሥር ነዳጅ ሲቀዱ እያየች፣ የእኔም ባሕር ባዶ አይሆንም ብላ ተስፋ አደረገች። በ1997 ይህን ተስፋ ሊገዛ የመጣው ግን ከታላላቆቹ ኩባንያዎች አንዱ አልነበረም። ኢንቫይሮንመንታል ረሜዲየሽን ሆልዲንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ኢ.አር.ኤች.ሲ. የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው የተበከለ አካባቢን በማጽዳት ሥራ ተነሣ እንጂ በጥልቅ ባሕር ውስጥ ነዳጅ በመፈለግ የታወቀ አልነበረም። ይህ ኩባንያ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ለ25 ዓመት የሚቆይ ሰፊ መብት አገኘ። በ1998ም መንግሥት 51 በመቶ፣ እርሱና ሸሪኩ 49 በመቶ የሚይዙበት ኤስ.ቲ.ፔትሮ የተባለ ማኅበር ተቋቋመ።

የዚህ ኩባንያ አክሲዮን የሚሸጠው በታላቁ የኒው ዮርክ ገበያ አዳራሽ አልነበረም፤ ርካሽ አክሲዮኖች ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወሩበት ከዋናው ገበያ ውጭ ነበር እንጂ። እንዲህ ባለ ቦታ አንዱ አክሲዮን በሳንቲም ይገዛልና ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው አሥር ሺህ አክሲዮን ሊይዝ ይችላል። አሥር ሺህ አክሲዮን አለኝ ማለት ለጆሮ ደስ ይላል። ይሁንና የኩባንያው አክሲዮን ኋላ ከ700 ሚሊዮን በላይ ሆኗልና፣ ባለ አሥር ሺሁ ሰው በእጁ ያለው ከሰባ ሺህ አንድ እጅ ብቻ ነበር። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን ቢያወጣ ማንም አይቆጥረው፤ ባያወጣም ማንም አያጣው።

በ1999 ጠቡ መጣ። የሳኦ ቶሜ መንግሥት ኩባንያው ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ውሉን አፈረሰ፤ ኩባንያውም መብቴ ተነካ ብሎ ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሄደ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። ብዙ ሀብት ያለው የነዳጅ ኩባንያ በአንድ አገር ፈቃዱን ቢነጠቅ በሌላ አገር ያለው ጉድጓድ ይመግበዋል። እንደ ኢ.አር.ኤች.ሲ. ያለው ግን ጉድጓድ የለውም፤ መርከብ የለውም፤ የሚሸጠው በርሜል የለውም። ያለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተቀደደ ኩባንያው ራሱ አለ ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ባለአክሲዮኑ ሳያውቀው የገዛው ነዳጅ አይደለም፤ የክርክር ድርሻ ነው። ነገ ዳኞች የሚሉትን፣ ወይም ከነገ ወዲያ አንድ ሚኒስትር የሚፈርመውን ነው የገዛው።

ክርክር ደግሞ ያለ ገንዘብ አይካሄድም። ጠበቃው ይከፈለዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ደመወዙን ይቀበላል፤ የቢሮው ኪራይ አይቀርም። ገቢ የሌለው ኩባንያ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል ቢባል፣ አዲስ አክሲዮን አትሞ በመሸጥ፣ ወይም ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ብድር በመውሰድ ነው። መቶ አክሲዮን ባለው ማኅበር አንድ የያዘ ሰው ከመቶ አንድ እጅ አለው። ማኅበሩ ሌላ ሦስት መቶ ቢያትም፣ ያው ሰው አንዱን አክሲዮን እንደያዘ ከአራት መቶ አንድ እጅ ይቀርለታል። ሌባ ቤቱ አልገባም፤ ከሰነዱ ላይ አንዲት ፊደል አልጠፋችም፤ ሀብቱ ግን ወደ ሩብ ወርዷል። ጠላ ላይ ውኃ ሲጨመር ጋኑ ሞልቶ ይታያል፤ የሚቀጥነው ጠላው ነው።

በየካቲት 2001 ናይጄሪያዊው ባለሀብት ኤሜካ ኦፎር የሚመሩት ክሮም የተባለ ድርጅት የኩባንያውን ቁጥጥር ያዘ። በዚያው ወር ናይጄሪያና ሳኦ ቶሜ በሚያከራክራቸው ባሕር ላይ የጋራ ልማት ቀጣና አቋቁመው ገቢውን 60 በመቶ ለናይጄሪያ፣ 40 በመቶ ለሳኦ ቶሜ ሊካፈሉ ተፈራረሙ። የቀጣናው ስፋት 34,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግንቦት ወር ደግሞ በግልግል ላይ የነበረው ክርክር ቀርቶ የኩባንያው መብት በስምምነት ተመለሰለት። በሚያዝያ 2003 ስምምነቱ እንደገና ተሻሽሎ፣ ኩባንያው አንዳንድ የገቢ መብቶቹን ሲተው በስድስት ብሎኮች ውስጥ ከ15 እስከ 30 በመቶ ድርሻ የመያዝ ቅድሚያ ተሰጠው። በአብዛኞቹም ላይ የፊርማ ክፍያ የሚባለውን፣ ማለት ማንኛውም ኩባንያ ውል ሲፈርም ለመንግሥት የሚያስገባውን ገንዘብ፣ እንዳይከፍል ተፈቀደለት።

ይህ ምሕረት ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ አንድ ቁጥር ይበቃል። በ2003 በተካሄደው ጨረታ ሼቭሮን ቴክሳኮ ብሎክ 1 ለሚባለው ብቻ 123 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ክፍያ አቀረበ። ከዚህ የሳኦ ቶሜ 40 በመቶ ድርሻ 49 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝቧ 200,000 ላልሞላ አገር ይህ ብዙ ትምህርት ቤትና ብዙ ሐኪም ቤት ነበር። እንግዲህ ክፍያ የተማረበት እያንዳንዱ ድርሻ ከደሴቲቱ ሕዝብ ኪስ የወጣ ነበር ማለት ነው። ለባለአክሲዮኑ ግን ያው ነገር መልካም ዜና ሆኖ ደረሰው፤ መብታችን ተመለሰ፣ ክፍያም ተማርን የሚል።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ፕሬዚዳንት ፍራዲኬ ደ ሜኔዜስ ናይጄሪያ ሳሉ ወታደሮች መንግሥቱን ያዙ። ከሳምንት በኋላ በሽምግልና ፕሬዚዳንቱ ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። ነዳጁ ገና ከባሕር አልወጣም፤ አንድ በርሜል አልተሸጠም፤ የሀብቱ ወሬ ግን አገሪቱን ማናወጥ ጀምሮ ነበር። በታኅሣሥ 2005 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የብሎኮቹ አሰጣጥ ከባድ ጉድለት እንዳለበት የሚገልጽ ዘገባ አወጣ። በግንቦት 2006 የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች ሂዩስተን ያለውን የኩባንያውን ቢሮ ፈተሹ። ባለአክሲዮኑ ይህን የሰማው እንደማንኛውም አላፊ አግዳሚ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ፍጻሜውስ? በ2006 በብሎክ 1 የተቆፈረው ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ አላሳየም። ኢ.አር.ኤች.ሲ. ከድርሻዎቹ ከፊሉን ለአዳክስና ለቻይናው ሲኖፔክ ሸጦ ገንዘብ አገኘ፤ ነገር ግን ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ክፍያ ሰጥቶ አያውቅም። በ2009ና በ2010 በሌሎቹ ብሎኮች የተቆፈሩት ጉድጓዶችም ጋዝ እንጂ ለንግድ የሚሆን ዘይት አላስገኙም። ኩባንያው ከዚያ ወደ ቻድና ወደ ኬንያ ዞረ፤ በኬንያም የያዘው ብሎክ ከእኛ ደቡብ ምዕራብ ወሰን ብዙም በማይርቀው በቱርካና አገር ነበር። እዚያም አልሆነለትም። ወደ አክሲዮን የሚለወጠው ብድር እየተከመረ ሄዶ በመጨረሻ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ሃያ ዓመት የጠበቀው ሰው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን አላይ እንዳለው ሆኖ ቀረ። ደሴተኛውም እንዲሁ፤ ላሟ የእርሱም ነበረች፤ እርሱም ወተቷን አላየም።

አሁን የጓደኞቼን ተቃውሞ ልስማ።

የመጀመሪያው፣ ባለአክሲዮኑ ቁማር ነው የተጫወተው፤ የበላው ዕዳ የራሱ ነው የሚል ነው። እውነት አለበት። ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ቢገኝ ማንንም ሊከስስ አይገባውም፤ መሬት ለማንም ቃል አልገባችምና። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ኪሳራ አለ። አንዱ የመሬት ነው፤ ሌላው የሰው ነው። ፈቃዱ በምን ምክንያት ሊሰረዝ እንደሚችል፣ ስንት ጉድጓድ በስንት ዓመት ውስጥ መቆፈር ግዴታ እንደሆነ፣ ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደሚከተል፣ እነዚህ ሁሉ በውሉ ውስጥ ተጽፈዋል። ባለቤቶቹ ይህን እያወቁ ድርድሩ በመልካም መንፈስ እየተካሄደ ነው የሚል መግለጫ ብቻ ካወጡ፣ ገዢው ቁማር አልተጫወተም፤ ካርታው ለአንዱ ወገን ተገልጦ ለሌላው ተሸፍኖ ነበር። ይህ ደግሞ ቁማር አይባልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመንግሥት ወገን የሚመጣ ነው። የተጎዳ አገር ውሉን ቀድዶ ቢጥል መብቱ ነው ይላል። እኔም አገር በተፈጥሮ ሀብቷ ላይ ያላትን ሥልጣን አልክድም፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1962 ይህንኑ አውጇል። ነገር ግን የሳኦ ቶሜን ታሪክ ልብ በሉ። በ1997 ውሉ በጓዳ ተፈረመ፤ በ1999 በጓዳ ፈረሰ፤ በ2001 በጓዳ ተመለሰ። በጓዳ የሚቀደድ ውል በጓዳ ይሰፋል። ሕዝቡ በሦስቱም ጊዜ ያተረፈው ነገር የለም፤ ለምን እንደተፈረመም፣ ለምን እንደተቀደደም፣ ለምን እንደተሰፋም ሊጠይቅ የሚችልበት ጽሑፍ በእጁ አልነበረምና። ውሉን ማፍረስ አርበኝነት የሚሆነው ምክንያቱ በአንቀጽ ተጠቅሶ ለሕዝብ ሲነገር ነው። አለበለዚያ የሚቀጥለውን ተዋዋይ ለመደለል የሚደረግ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ እኛም አጨብጭበን እንገባለን።

ሦስተኛው ተቃውሞ የብልሆች ነው። የንግድ ምስጢር መጠበቅ አለበት፤ ውል ከታየ ተወዳዳሪ ይጠቀምበታል ይላሉ። ድርድር በሚካሄድበት ሰዓት ምስጢር ሊያስፈልግ ይችላል፤ የመሬት ጥናቱም ውጤት ለጊዜው ይሸፈን ይሆናል። የተፈረመ ውል ግን ሌላ ነው። ታላላቆቹ ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ውል ያውቃሉ፤ የሚያማክሯቸው ጠበቆችና ባንኮች ብዙውን ጊዜ እነዚያው ናቸውና። ምስጢሩ የሚጠበቀው እንግዲህ ከማን ነው? ከባለ አሥር ሺህ አክሲዮኑና ከካካዎ ለቃሚው ብቻ ነው።

ይህ የማይሆን ሕልም እንዳልሆነ ያችው ትንሽ አገር ራሷ አሳይታለች። ከመከራዋ ተምራ በሰኔ 2004 ከናይጄሪያ ጋር በአቡጃ የግልጽነት የጋራ መግለጫ ፈረመች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ስለ ነዳጅ ገቢ አስተዳደር ሕግ አወጣች። ሕጉ ገንዘቡ በአንድ በታወቀ ሒሳብ ውስጥ እንዲገባና ውሎችና ክፍያዎች ለሕዝብ እንዲታዩ የሚያዝ ነው። ለ1997ቱ ውል ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ለሌሎች አገሮች ግን በጊዜው የደረሰ ምሳሌ ነው። የማዕድንና የነዳጅ ገቢን ግልጽነት የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማኅበርም አባል አገሮች ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ የተፈረሙትን ወይም የተሻሻሉትን ውሎች እንዲያሳትሙ ደንግጓል። ኢትዮጵያ ወደዚህ ማኅበር በእጩነት የገባችው በ2014 ነው።

ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛው ቤት መጣ ማለት ነው። በኦጋዴን የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ2013 መንግሥት ፖሊ ጂሲኤል ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ውል ገባ፤ በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር ውሉን ማቋረጡን አስታወቀ፤ በ2025 ደግሞ ከካሉብ ጋዝ የማምረት ሥራ መጀመሩ ተበሠረ። ተፈረመ ሲባል ደስ ብሎን ነበር፤ ተቋረጠ ሲባልም ደስ ያለን ነበርን፤ ተመረቀ ሲባልም እንዲሁ። ከመካከላችን የአንዱን ውል አንድ አንቀጽ ያነበበ ማን ነው? የሕግ ተማሪ የፍትሐ ብሔርን ሕግ በቃሉ ይወጣል፤ የሥነ ምድር ተማሪ የድንጋዩን ዕድሜ ይናገራል፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለ ካፒታል ይከራከራል። ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ የነዳጅ ውል ቢያነቡ ግን ዩኒቨርሲቲው ለአገሩ የሚከፍለው ዕዳ ከዚያ ይጀምር ነበር።

በሌላውም በኩል እኛው ራሳችን ባለአክሲዮኖች እየሆንን ነው። ከጥቅምት 2024 እስከ የካቲት 2025 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ገዝተዋል። በጥር 2025 የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ቴሌኮም ገቢ ያለው ድርጅት ነውና ባዶ ወረቀት ይዞ ባሕር ከሚቃኝ ኩባንያ ጋር አላመሳስለውም። ነገር ግን ገበያ ከተከፈተ ዘንድ ወረቀት ብቻ የያዘውም አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ነዳጅ አለ፣ ወርቅ አለ፣ ፖታሽ አለ ብሎ ይመጣል፤ የሚመጣውም ወደ ባለጠጋው አይደለም፤ ባለጠጋው ጠበቃ አለውና። ወደ እኛ አባቶችና እናቶች፣ ወደ ዕቁብ ሰብሳቢውና ወደ ጡረተኛው ነው።

በዚያን ጊዜ ልንጠይቅ የሚገባን ረጅም አይደለም። ኩባንያው ከፈቃዱ ሌላ ምን ሀብት አለው? ፈቃዱ መቼ ያበቃል፣ በምንስ ምክንያት ይሰረዛል? ጠብ ቢነሣ ዳኛው ማን ነው፣ ወጪውንስ ማን ይከፍላል? በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት አክሲዮን ታተመ፣ ለማንስ ተሸጠ? ሻጩ ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰነድ ካልመለሰ፣ ሰነዱንም አላሳይም ካለ፣ ላሟ በሰማይ እንዳለች ይታወቅ።

የተማሪዎች ማኅበራችንም በዚህ ላይ አቋም እንዲይዝ አሳስባለሁ። መንግሥት በማዕድን፣ በነዳጅና በጋዝ የፈረማቸው ውሎች ሁሉ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ታትመው በዩኒቨርሲቲዎቻችን አብያተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሲከለከል ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ምክንያቱንም በዚህ መጽሔት ያውጣ። ባለአክሲዮኑን እየሰደብን ውሉን ሳናነብ ከቀረን፣ ነገ የሳኦ ቶሜው ደሴተኛም የሂዩስተኑ ኩባንያ ባለአክሲዮንም የደረሰባቸው በአንድ ላይ በእኛ ይደርሳል፤ የጋዙ ባለ አገር እኛ፣ የአክሲዮኑም ገዢ እኛው እንሆናለንና።